ስማቸውን ከስልክ የደበቁት ሰው

ከስልክ የሚደበቅ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ስልኩን ግን አይጥልም፤ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይደበቀዋል። በሰው አገር፣ ኢትዮጵያ መንገድ በሚባለው ሰፈር ለምንኖር ለእኛ የደረሱን የዚህ ወገን አለቃ ክቡር አቶ ሀብተሥላሴ ናቸው።

አገር ቤት ሳለን የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም ነበር፤ መተተኛ ከሰማው አለቀ። እናቴ የእኔን የነገረችኝ በጆሮዬ ሹክ ብላ ነው። አቶ ሀብተሥላሴ ይህን ልማድ ኢንተርኔት ድረስ ይዘውት ገቡ። «ድረ ገጽ ማለት መተተኛ ነው፣ እትዬ! ስምዎን ከያዘ አለቀልዎት!» ይሉኛል። ስለዚህ አንዱ ድረ ገጽ ጋ በዕብራይስጥ ስም ያይር፣ ሌላው ጋ አቪአድ፣ ጫማ ሻጩ ጋ ደግሞ ወይዘሮ ሶፊያ ናቸው። የስልካቸውን ካሜራ በቁስል ፕላስተር ስለሸፈኑት፣ ያነሱት የልጅ ልጃቸው ሠርግ በሙሉ ጨለማ ነው።

አንድ ቀን ማሃኔ ይሁዳ ገበያ ሽንኩርት ስንመርጥ እያለከለኩ መጡ።

«እትዬ፣ አወቀኝ!»

«ማን?»

«ጫማ ሻጩ! ስሜን ቀይሬ ብገባ ያንኑ ቡኒ ጫማ፣ በዚያው በአርባ አራት ቁጥር አቀረበልኝ። በምን አወቀኝ?»

ሽንኩርቱን የያዘችልኝ የጎረቤቴ ልጅ ሰላማዊት ኮምፒዩተር ተምራለች። «ጋሼ፣ ስም መች ፈለገ? የስልክዎ ዓይነት፣ የስክሪኑ ስፋት፣ ቋንቋው፣ ሰዓቱ ሲደመር እርስዎ ነዎት። ሰው በአረማመዱ እንደሚለየው ማለት ነው» አለቻቸው።

«ሳያስፈቅደኝ?»

«ሳያስፈቅድዎት።»

እዚህ ላይ እንኳ እውነታቸውን ነው። የሰው ኮቴ እየተከተሉ መቁጠር በእኛ ጊዜ ነውር ነበር፤ ዛሬ ደመወዝ ይከፈልበታል።

የእሳቸው መፍትሔ ግን የእኔን ስልክ መዋስ ሆነ! «እርስዎን ማን ይፈልግዎታል?» አሉኝ፣ እንደ ምርቃት። ለጉልበታቸው ሐኪም ሲያማርጡ በእኔው ስልክ፣ ኩፓት ሆሊም በምንለው የጤና መድን ክሊኒክ ድረ ገጽ ላይ፣ ሦስት ጊዜ በሦስት ስም ተመዘገቡ።

እኔ ዓይኔን ሞራ ሸፍኖታል። የቀዶ ጥገና ቀጠሮ የሚያዝበት ሳምንት ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው እዚያው ድረ ገጽ ብገባ፣ «ይህ ስልክ አጠራጣሪ ነው» ብሎ ዘጋብኝ። ብደውል ሙዚቃ ብቻ።

«ስምዎን ሊደብቁ ዓይኔን አጠፉት!» ብዬ ጮህኩባቸው። እያነከሱ ወጡ።

በማግስቱ ደጃፌ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሰው ወደ እኔ መጣ። ፊቱ ለእኔ ጉም ነው። ግራ እግሩን ግን ድንጋዩ ላይ ጎተት ያደርጋል።

«ይግቡ፣ አቶ ሀብተሥላሴ።»

«በምን አወቁኝ?» አሉ ደንግጠው።

ወረቀት ዘረጉልኝ። ክሊኒኩ ድረስ ሄደው ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፈው ኖሯል። ከጎረቤት የጠራኋት ሰላማዊት አነበበችልኝ፤ ቀጠሮዬ ተይዟል። ከሥሩ «የታማሚዋ የቅርብ ሰው» ከሚለው ጎን ሀብተሥላሴ የሚለው ስም ከነአባት ስሙ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ስልክ፣ አድራሻ፤ ሁሉም እውነተኛው።

«ምነው ጋሼ፣ አለቀልዎት እኮ!» አለች ሰላማዊት።

«ያይር ነኝ ብላቸው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የቀዶ ጥገናዎ ቀን የቅርብ ሰው ብለው ሲጠሩ ማን ይመጣላቸዋል?»