አንድ ሽፋን የበዛበት አእምሮ

ዘንድሮ እንጅባራ ላይ የዓለም ሳይንስ አቅጣጫውን የቀየረበት ስብሰባ መደረጉን ያልሰማ ካለ ወይ ተኝቷል ወይ ኔትወርክ የለውም። ስብሰባውን የጠራው የልማትና የላቀ አእምሮ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ነው። ኃላፊው አቶ ገበየሁ እዚህ ሲያስነጥሱ ዳንግላ ላይ የጋሪ ፈረስ ይደነብራል።

ተመራማሪዋ ዶክተር ሀይማኖት ድምፅ ማጉያ ያላት ትንሽ ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ውስጧ ያለው ቁስ ከካርቦን የተሠራ ነው። ውፍረቱ አንድ የአቶም ሽፋን ብቻ! እንደ አንጎል ይማራል። ሰው የሚመላለስበት መንገድ እየሰፋ እንደሚሄድ፣ እሱም ደጋግሞ ያለፈበትን ይይዛል። መብራት ቢጠፋም አይረሳም።"

"ካርቦን ከሰል አይደለም እንዴ?" አሉ አቶ ገበየሁ።

"ዝምድና አላቸው፣ ግን..."

"በቃ! የአዲስ ቅዳም ከተማ በከሰል ተሞልታ ዓለም አእምሮ ይቸግረዋል? በጆንያ እንልክለታለን!"

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ምንም አልቀረውም። ከክልል የመጡት እንግዶች ፊት ወንበር ላይ ነበሩና አቶ ገበየሁን ሹመት ሸተታቸው።

ይኼኔ ከኋላ ወይዘሮ እመቤት ተነሡ። ዳንግላ ዳር ወፍጮ ቤት አላቸው። የሠፈሩ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ወዲህ ወፍጮው ቆሟል፤ ደንበኛው እህሉን በጋሪ ጭኖ በደጃቸው ያልፋል።

"አቶ ገበየሁ፣ የአእምሮው ነገርስ ደስ ይላል። የትራንስፎርመራችን ነገር እንዴት ሆነ?"

አቶ ገበየሁ አልደነገጡም። ይህን መልስ በእንቅልፍ ልባቸውም ያውቁታል። "እናቴ፣ ትራንስፎርመሩ..."

"በሂደት ላይ ነው" አለች ሳጥኗ፣ በራሳቸው በአቶ ገበየሁ ድምፅ።

አቶ ገበየሁ ሳጥኗን ገልመጥ አድርገው ቀጠሉ።

"እኛም ጉዳዩን..."

"በትኩረት እየሠራንበት ነው።"

"በሚቀጥለው..."

"ሳምንት ጨርሰን እናሳውቃለን።"

"ምንድን ነው ይኼ?" አሉ አቶ ገበየሁ፣ ላባቸው እየተንቆረቆረ።

"ጽሕፈት ቤቱ ለማለማመጃ የሰጠኝ የእርስዎን የስብሰባ የድምፅ ቅጂዎች ነበር" አለች ዶክተሯ።

"እሰይ!" አሉ ወይዘሮ እመቤት። "ከእንግዲህማ ለዚህ መልስ ከዳንግላ እዚህ ድረስ ምን አንከራተተኝ? ይችን ሳጥን ይስጡኝና ቤቴ ቁጭ ብዬ ልጠይቃት!"

ሳቁ እስከ መናኸሪያው ተሰማ። ሚኒባስ ሊሳፈር የነበረ ሁሉ ወርዶ ሳቀ ይባላል።

ከሰዓት በኋላ አስቸኳይ ግምገማ ተደረገ። አእምሮው የሚያስታውስ መሆኑ ከጽሕፈት ቤቱ አሠራር ጋር እንዳልተጣጣመ በሙሉ ድምፅ ተረጋገጠ።

"ስንት ሽፋን ነው ያልሽኝ፣ ዶክተር?" አሉ አቶ ገበየሁ።

"አንድ።"

"በዝቶበታላ! አንድ ቀንሽለት።"

"ከአንድ ላይ አንድ ከተቀነሰ እኮ ምንም አይቀርም።"

"እሱ 'ምንም' ያልሽው ነገር ያስታውሳል?"

"ምኑን ያስታውሳል? የለማ!"

"ይጽደቅ!"

ጸደቀ። አዲሱ አእምሮ በታላቅ ድግስ ተመረቀ፤ የት እንደተገጠመ ግን ለጥንቃቄ ሲባል አልተገለጸም።

ወይዘሮ እመቤት በሳምንቱ ቢሮ ድረስ መጡ። አቶ ገበየሁ ከመቀመጫቸው ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጧቸው፤ ወንበርም ሳቡላቸው።

"እንኳን ደህና መጡ፣ እናቴ። ምን እንርዳዎት?"

"ያ ትራንስፎርመር..."

አቶ ገበየሁ እንደ ሕፃን በጠራ ዓይን አዩዋቸው።

"የምን ትራንስፎርመር?"