ከአጥሩ የማትወጣ ብርቱካን

ሰሞኑን ወልድያ ስብሰባ ተጠርቼ ነበር። ጎረቤት አገሮች የንግድ ማኅበር ሲመሠርቱ የአንዱ ገበሬ ምርት ያለ ቀረጥ ሌላው ዘንድ ይገባል ተባልን። እኔ ሁሉንም ጻፍኩ። የምጽፈው የተባለውን እንጂ የገባኝን አይደለም፤ ስህተት እንዳይኖረው።

ለሻይ ዕረፍት ብርቱካን ቀረበልን። የውጭ አገር ነው፤ እያንዳንዷ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎባታል። ታዲያ ብርቱካን አይቼ የመርሳው ሐጂ ይማም ትዝ ሳይሉኝ ይቀራሉ? በእሳቸው አትክልት ቦታ መንገደኛ ሁሉ ገብቶ ዛፍ ሥር እስኪበቃው በነፃ ይበላ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ግን አንዲትም ይዞ አይወጣም ነበር፤ ከአጥር የሚወጣው ለገበያ የሚሸጠው ብቻ ነው። እዚያ ሥር ስንት ወዳጅ አፈራሁ! ዛሬ ዛፎቹን በሽታ አደረቃቸው፤ እንግዳውም ቀረ።

ከዚያው ከውጭ አገሩ ብርቱካን ሁለት ኪሎ ገዝቼ መርሳ ወረድኩ። ሐጂ ደረቅ ግንድ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ስለ ማኅበሩ በሰፊው አስረዳኋቸው።

«ያለ ቀረጥ ገብቶ መብላት? እኔ አርባ ዓመት ያደረግሁትን ነው እንዴ ተሰብስባችሁ የምታወሩት?»

«ለእርስዎም እኮ የጎረቤት ገበያ ይከፈታል!»

ቀና ብለው ግንዱን አዩት። «ምን ልላክላቸው? ማገዶ?»

ብርቱካኑን ሳወጣ ግን ፊታቸው በራ። በአጥሩ በኩል የሚያልፉ ሁለት መንገደኞችን ጠሩ። «ግቡ፣ ቢስሚላህ በሉ! ዘሩን ብቻ እንዳትጥሉ፤ እተክለዋለሁ።»

ላጥን፤ ዘር የለም። ሌላ ላጥን፤ የለም። ሐጂ ቅርፊቱን ሳይቀር አገላብጠው ፈለጉ።

«ስምምነቱ ስለ ዘሩ ምን ይላል?» አሉኝ። ደብተሬን ገለጥኩ። ምንም አልጻፍኩም።

«አብሽሩ ሐጂ፣» አለ አንዱ መንገደኛ፣ «ብልጦቹ ዘሩን ቤታቸው አስቀርተውት ነው።»

«ወላሂ፣ እኔ ሞኙ ስንቱን ከነዘሩ አበላሁ!»

መንገደኞቹ አመስግነው ሄዱ። እኔም የሚኒባስ ጡሩምባ ሰምቼ ተነሣሁ። የተረፈችውን አንዲት ብርቱካን ኪሴ ከተትኳት። አጥሩ ጋ ስደርስ ሐጂ ከኋላዬ ጮኹ።

«ወዴት ነው? ከአጥሩ ውጭ ክልክል ነው!»

«ሐጂ፣ እኔ እኮ ነኝ ያመጣኋት!»

«ብታመጣትስ? ተመለስና እዚሁ ብላት።»

ሚኒባሷ ሄደች። ተመልሼ ደረቁ ግንድ ሥር ተቀመጥኩ። ነፃ ንግድ ጊዜ ይቆጥባል ተብሎ ነበር፤ ጽፌዋለሁ። ሐጂ ግን አጠገቤ ተመቻችተው ቁጭ አሉና፣

«ቀስ ብለህ ላጣት» አሉኝ።