ወርቁ ሲመሰክርልኝ

በዚህች ዓለም ሰውን እንደ ታማኝ ጓደኛ የሚጎዳ ጠላት የለም! ተቆጣችሁ አይደል? ቆይ፣ መጀመሪያ ያገኘኝን ስሙ…

የልጅ ልጄ ሶስና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወንበር ላይ ስትቀመጥ የሚደክመው ወንበሩ ነው። አራት ኪሎ ያለች አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ መረመረቻትና፣ «ሰነፍም ባለጌም አይደለችም፤ ትኩረቷ ቶሎ ይበተናል። ድጋፍ ያስፈልጋታል» አለች። እኛ እፎይ አልን። ሶስና ግን አልጋ ሥር ገባች።

«ድጋፍ ምናምን አልሄድም! ከቤታችን እንዲህ የሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ!»

«እኔስ?» አልኳት፣ አንገቴን አልጋው ሥር ሰድጄ።

«አንተ ተመርምረሃል?»

«አልተመረመርኩም…»

«እንግዲያው ተመርመርና እሄዳለሁ!»

በሰባ አንድ ዓመቴ ቀጠሮ ያዝኩላችሁ! ሁለቴ ረሳሁት፤ በሦስተኛው ሶስና እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

«አባባ፣» አለችኝ ባለሙያዋ፣ «የልጅነትዎን ታሪክ የሚነግረኝ ሰው ይዘው ይምጡ።»

እናቴን እንዳላመጣ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከሄደች ቆየች። የቀረኝ ወርቁ ነው። እሪ በከንቱ ሰፈር አብረን አፈር ፈጭተን ያደግን፣ ዛሬም ፒያሳ ልብስ የሚሰፋ ጓደኛዬ። «ስለ እኔ ትጠየቃለህ» ብቻ ብዬ ነገርኩት። ጉዴ የፈላው እዚህ ላይ ነው! የአራዳ ልጅ ስለ ጓደኛው ሲጠየቅ ምን እንደሚያደርግ እንዴት እረሳለሁ? ወርቁ ከረባት አስሮ መጣ!

«ጋሽ ታደለ በልጅነታቸው ተረጋግተው ይቀመጡ ነበር?»

«ታደለ? ምኒልክ አደባባይ ያለው ፈረስ ይነቃነቃል እንጂ ታደለ አይነቃነቅም!»

«ዕቃ ይጥሉ ነበር?»

«ኧረ የሰው ዕቃ ፈልጎ ያገኛል እንጂ!»

«ሰው ሲናገር ያቋርጡ…»

«ወርቁ፣ እውነቱን ንገራት እንጂ!» ብዬ ጮህኩ።

«አየሽልኝ ልጄ?» አላት። «እስክትጨርሺ ጠበቀ!»

ባለሙያዋ የጻፈችውን አገላበጠች። «በዚህ ከሄድን… የልጅነት ምልክት ያለ አይመስልም።»

አጠገቤ የተቀመጠችው ሶስና አቀረቀረች። «እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው» አለች፣ ለጫማዋ።

ወርቁን በከረባቱ ጎትቼ ኮሪደር አወጣሁት።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን በድዬህ ነው?»

«ምን አጠፋሁ? ስድሳ ዓመት ሙሉ አላጋለጥኩህም፤ ዛሬ አሳልፌ ልስጥህ?»

«ስጠኝ! በእናትህ አሳልፈህ ስጠኝ! ፖሊስ ጣቢያ መሰለህ እንዴ? ልጅቷ ብቻዋን ቀረች እኮ!»

ወርቁ ከረባቱን ፈታ። ተመልሶ ገባና… ኡኡ! የስድሳ ዓመት ግድብ ተናደ!

«ዳቦ ግዛ ተብሎ ወጥቶ፣ የማርሽ ባንድ ተከትሎ ጉለሌ ተገኘ! በራሱ ሠርግ ቀን እኔ ሚዜው ሙሽራ ፍለጋ ስባዝን፣ እሱ የሰፈር ኳስ ላይ በረኛ ሆኗል! ኧረ ማስረጃ አለኝ! ተነስ ታደለ!»

ተነሳሁ።

«አርባ ዓመት ሱሪ ሰፋሁለት። አንድ ቀን ቆሞ አልተለካልኝም! ቀኙን ስለካ ግራው መንገድ ይጀምራል። እዩት!»

ሁሉም ሱሪዬን አዩ። ቀኙ ጫማዬ ላይ ተኝቷል፤ ግራው ካልሲዬን እያሳየ ነው። እኔ እኮ ግራ እግሬ የረዘመ መስሎኝ አርባ ዓመት ሳነክስ ኖሬያለሁ!

ሶስና ከወንበሯ እስክትወድቅ ሳቀች። «አባባ! አንተማ ከእኔ ትብሳለህ!» አለች፣ ሽልማት እንደተቀበለ ሰው።

ባለሙያዋ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችና፣ «ሌላም ምርመራ ይቀረናል… ግን እርስዎም ከሶስና ጋር ይምጡ» አለችኝ።

ስንወጣ ባርኔጣዬን ረስቼ ሶስናን ላክኋት። ባርኔጣውን አመጣች፤ ቦርሳዋን ትታ።

ይኸው አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ አብረን እንሄዳለን። እሷ እኔን ታስታውሳለች፣ እኔ እሷን። ባለፈው ሳምንትማ ደቂቃ ሳናዛንፍ፣ ልክ በሰዓቱ ደረስን! ብቻ ዕለቱ ረቡዕ ነበር… ካላመናችሁኝ ወርቁን ጠይቁት፤ ማክሰኞ ነበር ብሎ ይምልላችኋል።