ጎማው በቀኝ በኩል ለምን አለቀ?

የአንድ ሰው ጫማ በአንድ ጎኑ ካለቀ ሁላችንም አረማመዱን እናያለን። መኪና ላይ ሲሆን ግን ብረቱን እንወቅሳለን። ለምን ይሆን?

በጣሊያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ውስጥ ጎሚስታ ነበርኩ። ጎማ እነፋለሁ፣ እለጥፋለሁ። ምን ላድርግ፣ ሆድ ካገር ይሰፋል። የእህቴ ባል ዓለሙ ደግሞ እዚያው ሾፌር ነው። የሚነዳት መኪና ከሰው እጅ ሰው እጅ ዞራ የመጣች አሮጌ የጭነት መኪና ናት፤ ደጀን ለሰፈረው የጣሊያን ወታደር ስንቅ ታመላልሳለች።

ታዲያ ሌሎቹ ጎማዎች ደህና ሆነው የፊት ቀኙ ብቻ፣ እሱም በውጭ ጠርዙ፣ መላጣ ይሆናል። ብንቀይረው ያው ነው። የጋራዡ አዛዥ ጣሊያኑ ካፒቴን ተቆጣ። ይህ ሻጥር ነው፣ ሌላ ጎማ ከተበላሸ ሾፌሩ ወህኒ ይወርዳል አለ። እህቴ ገና አራስ ናት። የልጄን አባት አደራ ብላ ላከችብኝ። እንቅልፍ አጣሁ።

የጎማውን ንፋስ ለካሁ፤ ልክ ነው። በፊት ጎማዎቹ ላይ ሲባጎ ወጥሬ አስተያየሁ፤ ቀጥ ብለዋል። ጭነቱን ወደ ግራ አዛወርን፤ ወይ ፍንክች! ጎረቤት ቡዳ በልቶት ይሆናል አለ። ጎማ የሚበላ ቡዳ እኔም ሰምቼ አላውቅ።

በመጨረሻ ጣሊያኑ መካኒክ፣ አፉ ተሳዳቢ ልቡ ግን ደግ ነው፣ አብረን ተሳፍረን እንየው አለኝ። ሦስታችን ጋቢና ገባን። ትንሽ እንደሄድን ከኮረብታው ላይ ደብር ብቅ አለ። መቼም ያገራችንን ወግ ታውቁታላችሁ፤ በቅሎ የተቀመጠ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲያይ ወርዶ ይሳለማል። ዓለሙ የጣሊያንን መኪና አቁሞ መውረድ አይችል። ስለዚህ በግራ እጁ ባርኔጣውን አወለቀ፣ በቀኙ አማተበ፣ መሪውን ለጉልበቱ አደራ ሰጠ። መንገዱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። መኪናዋ ቀስ ብላ ወደ ዳር ሄደች፤ ጸሎቱ እስኪያልቅ ድረስ ጎማዋን በመንገዱ ዳር በተደረደረው ድንጋይ ፋቀችው፤ በየደብሩም እንዲሁ። መካኒኩ በድንጋጤ እሱም አማተበ። ዓለሙ ደስ አለው። ለካስ እሱም ክርስቲያን ነው አለኝ።

ተው እንጂ፣ ልትታሰር ነው አልኩት። ካፒቴኑ ቢያስረኝ ታቦቱ ያስፈታኛል፤ ታቦቱን ባስቀይም ማን ያስፈታኛል? አለኝ። 

መካኒኩ እውነቱን ቢናገር ዓለሙ አለቀለት። ስለዚህ እንደተመለስን መካኒኩ ካፒቴኑ ዘንድ ገብቶ፣ መኪናዋ አርጅታለች፣ ዳገት በወጣች ቁጥር ቆማ ጎማዋ ይታይ አለ። ካፒቴኑም ይሁን ብሎ አዘዘ። ጎጃም ውስጥ ደብር የሌለበት ዳገት የት አለ? ከዚያ ወዲህ ዓለሙ በየደብሩ ያቆማል፣ ይወርዳል፣ ደህና አድርጎ ይሳለማል። አጃቢ ባንዳዎቹ ሳይቀሩ ወርደው ይሳለማሉ። ጎማው እኩል ማለቅ ጀመረ። ልጁ ክርስትና ሲነሳ አባቱ አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ።

ስንቁ ታዲያ ደጀን የሚደርሰው ሲመሽ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ሆነ። አርበኛው በጥይት ያላቆማትን መኪና፣ ካፒቴኑ በገዛ ትእዛዙ በየደብሩ አቆማት።