ሁለት አባቶች በአንድ መስኮት

መስኮት የተሠራው ለብርሃን ነው ይባላል። እኔ ግን ሃያ ዓመት ቢሮ የተቀመጥኩ ሰው ነኝና መስኮት ሲባል ቶሎ የሚታየኝ ሰልፍ ነው። ሮቤ ያለው መሥሪያ ቤታችን ድሮ አምስት መስኮት ነበረው። ባለጉዳይ አንደኛው ጋ ይመጣል፣ ወደ ሦስተኛው ይላካል፣ ሦስተኛው አራተኛው ጋ ማኅተም አስመትተህ ተመለስ ይለዋል፣ አራተኛው ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል። ሕዝቡ ሲያማርር አራቱ ተዘጉና «የአንድ መስኮት አገልግሎት» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። ሰልፉ የት ሄደ አትሉኝም? አምስቱ ተቀጣጥለው አንድ ረጅም ሰልፍ ሆኑ። ድሮ ቢያንስ «የሚቀጥለው መስኮት ላይ ያለው ሰው ደግ ይሆናል» የሚባል ተስፋ ነበር።

ይህን የማነሳው ኮምፒውተሬም ላይ ይኸው ስለደረሰብኝ ነው። መልእክት የምጻጻፍበት ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን መስኮት ይከፍትልኝ ነበር። ባለቤቴ ቀኝ ጥግ ላይ፣ የዕድሩ ጸሐፊ ከእሷ ሥር፣ አለቃዬ ደግሞ ከሁሉም ኋላ። የቢሯችን የኮምፒውተር ባለሙያ ሀዊ ባየችው ቁጥር «ጋሽ ደሬ፣ ስክሪንዎ የገበያ ቀን መሰለ እኮ» እያለች ትስቅብኝ ነበር። አንድ ሰኞ አዲሱን ፕሮግራም ጫነችልኝ። ሁሉም ሰው በአንድ መስኮት ገባ፤ በግራ የስም ዝርዝር፣ በቀኝ ወሬው። ምንም አይጠፋብዎትም፣ መጨረሻ የጻፈልዎት ሰው ራሱ ከላይ ይወጣል ብላ አስረዳችኝ። እኔም ሰው ቦታ አለው፣ ዕድር ላይ እንኳ ማን የት እንደሚቀመጥ ይታወቃል ብዬ ተከራከርኩ። ይለምዱታል አለችኝ።

በዚያ ሰሞን ደግሞ ቦታቸው እንዲቀየርብኝ ፈጽሞ የማልፈልጋቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። የክርስትና ልጄ ሕይወት የጎባ ልጅ ናት፤ የምታገባው ለሚ የሮቤ። ልጆቹ ሁለት ድግስ ለምን ይደገሳል፣ ሁለቱም ቤተሰብ አንድ ላይ ይብላ አሉ። አባቶቹም ተስማሙ። የት ይሁን ሲባል ግን የሕይወት አባት ጋሽ ተፈራ ጎባ አሉ፣ የለሚ አባት ኦቦ ገመቹ ሮቤ አሉ። ሁለቱም ጡረታ የወጡ መምህራን ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱም ተሳስተው አያውቁም። ጋሽ ተፈራ፣ ጎባ ከተማ ስትሆን ሮቤ የስንዴ ማሳ ነበረች ይላሉ። ኦቦ ገመቹ፣ ጎባ ላይ ድንኳን ከተጣለ እንግዳው ጋቢ ተከናንቦ ነው የሚጨፍረው ይላሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ የሚኒባሱ ሹፌር የከፈተው ካሴት አንድ ጎኑን ሳይጨርስ የሚያልቅ ነው። ቢሆንም ተኮራርፈው መነጋገር አቆሙና ነገሩ ሁሉ በእኔ በኩል ማለፍ ጀመረ።

በድሮው ፕሮግራም ይህ ቀላል ነበር። እንደ ካርታው ሮቤን ከላይ፣ ጎባን ከታች አድርጌ ሁለቱንም መስኮት እከፍታለሁ። ከላይ የመጣውን አነባለሁ፣ ትንሽ ስኳር ጨምሬ ወደ ታች አወርዳለሁ። ከላይ «ያ ግትር» ተብሎ የመጣው ከታች «ወንድሜ» ሆኖ ይደርሳል። እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ለየሰዉ የየራሱ መስኮት ያስፈለገኝ ለየሰዉ የየራሱን እውነት ስለምናገር ነው።

ሕይወት ደውላ፣ ጾሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀረው፣ ከገባ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው አለችኝ። «እስከዚያ ሌላ የሚጣሉበት ነገር ያገኛሉ፣ ጋሼ። እኔ እንደሆነ ደክሞኛል።» ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ረጋ ብላ ስትናገር ግን ፈራሁ።

ሀዊ ፕሮግራሙን በቀየረች በሦስተኛው ቀን ኦቦ ገመቹ እንዲህ ብለው ጻፉልኝ፦ «ደሬ፣ እውነቱን ልንገርህ። ጎባ ቢሆንም ግድ የለኝም። አንድ ቀን ቀርቦ ‹ገመቹ፣ እባክህ› ቢለኝ ኖሮ ያኔውኑ እሺ እል ነበር። ይህን ግን እንዳትነግረው። ገለቶሚ፣ አመሰግንሃለሁ።»

ደስ አለኝ። መልስ ልጽፍ ስል አለቃዬ ጠራኝ። ተመልሼ ማውሱን ዝርዝሩ አናት ላይ ወዳለው ስም ወሰድኩና ተጫንኩ። በሁለት ጣት የምጽፍ ሰው ስለሆንኩ አንገቴን ደፍቼ ፊደሉን ፍለጋ ገባሁ። «ሐሳብ አይግባዎት። ጎባ ቢሆንም ግድ እንደሌለዎት ለጋሽ ተፈራ ትንፍሽ አልልም፤ ቃሌ ነው» ብዬ ላክሁ።

ቀና ስል አናት ላይ ያለው ስም ተፈራ ነው።

ለካ ልጫን ስል በዚያችው ቅጽበት ጋሽ ተፈራ ከጎባ «ምን አለ ያ ግትር?» ብለው ጽፈው ኖሮ፣ ራሳቸው ወደ ላይ ወጥተው ኦቦ ገመቹን ወደ ታች ገፍተዋቸዋል። ሀዊን ጠርቼ ይጠፋ እንደሆነ ጠየቅኋት። መጥፋቱን ይጠፋል፣ ካነበበው ሰው ጭንቅላት ግን አይጠፋም አለችኝ። መነበቡን የምትናገረዋ ምልክት ደግሞ ቀድማ መጥታለች። ያን ቀን ከጎባ ሌላ ቃል አልመጣም። የታመነ አማላጅ ነኝ ብዬ የምኮራ ሰው አፈርኩ፣ ምሳም አልበላሁም።

በማግስቱ ሕይወት ደውላ አባባ ካፖርታቸውን ለብሰው ሮቤ ሄዱ አለችኝ። ከቢሮ አስፈቅጄ እየሮጥኩ ኦቦ ገመቹ ቤት ስደርስ ሁለቱ ግቢ ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል።

«ገመቹ፣ እባክህ» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ልጆቹን እናስብ። ሮቤ ይሁን።»

ኦቦ ገመቹ «አይሆንም፤ ጎባ ነው» አሉ።

እንግዲህ ጠቡ ተገልብጦ እንደገና ተጀመረ። የሮቤው ሰው ጎባን ሲያወድሱ፣ የጎባው ሰው ስለ ጎባ ብርድ ሲያማርሩ እስከ ምሳ ሰዓት አዳመጥኩ። በመጨረሻ ሰርጉ ጎባ፣ መልሱ ሮቤ እንዲሆን ተስማሙ። ሁለት ድግስ ማለት ነው። ልጆቹ በአንድ መስኮት ያሰቡት በሁለት ተከፈተ፤ ማንም ግን ቅር አላለውም።

ስንወጣ ጋሽ ተፈራ በር ላይ ክንዴን ያዙና «ማንበቤን ለገመቹ እንዳትነግረው፤ በገዛ ፈቃዴ የመጣሁ ይምሰለው» አሉኝ። ማልኩላቸው።

ሰርጉም መልሱም ጾሙ ሳይገባ አለፈ፣ ሁለቱም ላይ በላሁ። ሀዊ በኋላ አዲሱ ፕሮግራምም ከተፈለገ ለየሰዉ የየራሱን መስኮት እንደሚከፍት አሳየችኝ። አያስፈልግም አልኳት። አሁን ከመጻፌ በፊት ከላይ ያለውን ስም ሦስት ጊዜ አነባለሁ፤ ይበቃኛል።

ትናንት ጠዋት ጋሽ ተፈራ «ያን ነገር ለገመቹ አልነገርክም አይደል?» ብለው ጻፉ። በጭራሽ ብዬ ልመልስ ጣቴን አነሳሁና እንደ ልማዴ ከላይ ያለውን ስም አነበብኩ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። «የሕይወትና የለሚ ቤተሰብ» ይላል። ሁለቱም አባቶች፣ እናቶቹም፣ አክስቶቹም ያሉበት ግሩፕ ነው።

ከሥሩ የኦቦ ገመቹ መልስ ደርሷል፦ «የቱን ነገር?»

ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ምሳ ወጣሁ።