ለእኛ እድር ቀላል ዕቃ?

ዕቃ ሲገዛ በእጁ እያነሳ የሚመዝን ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ተሰማ እንዲያ ናቸው። ለእሳቸው የከበደ ሁሉ ጠንካራ፣ የቀለለ ሁሉ ማታለያ ነው።

የእድሩ ድምፅ ማጉያ ባትሪ ሞተና ሌላ ልንገዛ አብረን እንጅባራ ገበያ ሄድን። ባለሱቋ ሁለት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይኼ ባለ አሲድ ነው፤ ይኼኛው ሊቲየም። የሚይዙት ኃይል እኩል ነው። ሊቲየሙ ግን በጣም ቀላል ነው፤ ዕድሜውም ይረዝማል።»

የመጨረሻውን ማን ሰምቷት! የጋሽ ተሰማ ጆሮ «ቀላል» ላይ ቀርቷል።

«ለእኛ እድር ቀላል ዕቃ?» አሉና ባለ አሲዱን ገዝተው ታቀፉት። ላግዝዎት ብላቸው እንቢ አሉኝ። ክብደትና ክብር ለየቅል መሆናቸውን ማን ደፍሮ ይንገራቸው? ባጃጁ ጋ ሳንደርስ ወገባቸው ቀጭ አለ።

ይኸው ሳምንታቸው፣ ተኝተዋል። ትናንት ልጠይቃቸው ሄጄ፣ «አይዞዎት ጋሼ፣ ሕመሙ እኮ ቀላል ነው» ብላቸው፣ እያቃሰቱ ከትራሳቸው ቀና አሉና አፈጠጡብኝ።

«ለእኔ ቀላል ሕመም?»