ቅዳሜ የመጣው ደቦ

ሰው ያለ ምክንያት ሲሮጥ ማየት ለአገራችን አዲስ ነገር ነው። ድሮ የሚሮጥ ሰው ካያችሁ ወይ አውቶቡስ ሊያመልጠው ነው፣ ወይ በሬው የሰው እህል ውስጥ ገብቶበታል፤ አብራችሁ ትሮጡለታላችሁ። አሁን መካነ ሰላም ላይ ቅዳሜ ጠዋት አርባ ሰው ዋናውን መንገድ ይዞ ሲነጉድ አይታችሁ "ምን ተፈጠረ?" ብትሉ የሚሳቅባችሁ እናንተው ናችሁ። ምንም አልተፈጠረም። ቦርጭ ሊቀነስ ነው።

ኋላ ደግሞ ሩጫው ብቻውን አይበቃም ተባለና በጎ ሥራ ታከለበት። ሰው ላቡ ሳይደርቅ ለድሃ ቢጠቅም ምን ይለዋል? ሐሳቡ ጥሩ ነው። እኔ ግን ጥሩ ሐሳብ ስሰማ መጀመሪያ የማጣራው ከማን እንደ መጣ ነው። ይህኛው የመጣው ከሩጫ ቡድኑ መሪ ከአቶ ጌትነት ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ፣ ፈተናውን አንደኛ ወጥቼ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ቅጥር ስጠባበቅ የኮሚቴው ሰብሳቢ እሱ ነበር። "ዕውቀቱ ጥሩ ነው፤ ጠባዩ ግን ከሰው አይገጥምም" ብሎ ቦታውን ለሚስቱ ወንድም ሰጠው። የሚስቱ ወንድም ከሰው ጋር ይገጥማል። የሠራው ድልድይ ነው ከዳሩ ጋር ያልገጠመው። እኔ ይኸው እስከ ዛሬ የሰው ልጅ ሒሳብ አስጠናለሁ። ቂም የለኝም። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያን ዕለት የለበሰውን ሹራብ ቀለም ብቻ ነው የማስታውሰው።

እንግዲህ በግንቦት ወር ጌትነት አንድ ማስታወቂያ በቴሌግራም ለቀቀ። ቡድኑ በመጪው ቅዳሜ እኔ ወደ ተወለድሁበት መንደር ሮጦ፣ የእትዬ ዘርጊቱን የፈረሰ የድንጋይ ግድግዳ ይሠራል። እትዬ ዘርጊቱ የእናቴ ጎረቤት ናቸው፤ ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ርቀዋል። ክረምቱ ሳይገባ ግድግዳው ካልቆመ ጣራው ይከተላል። እኛ ዘንድ ደቦ የሚጠራ ሰው ሠራተኛውን ማብላት ማጠጣት አለበትና፣ ለዚሁ ብለው ገብስ አስቀምጠው ነበር። ገብሱ የሚበቃው ለአንድ ደቦ ነው።

ግን ቅዳሜ! የእኛ ገበሬ ቅዳሜም ሰንበት ነው ብሎ አፈር አይቆፍርም፣ ድንጋይ አይፈነቅልም። ቢሮ የሚውለው ሰው ደግሞ ከቅዳሜ በቀር ቀን የለውም። ይህን ጌትነት አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። መደወል ነበረብኝ። አልደወልሁም። እንዲያውም ለመጀመሪያ ጊዜ ካናቴራ ገዝቼ አብሬ ሮጥሁ፤ ጌትነት ሲያፍር ለማየት። እትዬ ዘርጊቱ ግን "የተማሩ ናቸው፣ ቄሱን ሳያስፈቅዱ አይመጡም" ብለው ጠላውን ጠምቀዋል።

ደረስን። ጌትነት ፊሽካውን ነፍቶ፣ ዶማ አንሥቶ ለፎቶ ሲመቻች፣ የሰፈሩ ቄስና የድንጋይ ግንብ ዐዋቂ አባ ወልዴ ከጓሮ ብቅ አሉ።

"ምን ልትሆን ነው?"

"በጎ ፈቃደኞች ነን፣ አባ!"

"ደግ። ቀኑ ማን ነው?"

"ቅዳሜ።"

"ታዲያ በሰንበት ልትቆፍርብን ነው? አስቀምጥ እሱን!"

አስቀመጠ። ፊቱን ብታዩት! አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሁት ፊት ነው።

ደስታዬ የቆየው እትዬ ዘርጊቱ እንስራውን እስኪያወጡ ድረስ ነው። "አብሽሩ፣ ሰንበት መብላት አይከለክልም! አፈር ስሆን ተቀመጡ!" አሉ። አርባ ሯጭ እንዴት እንደሚጠጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንስራው ተገለበጠ። ገብሱ አለቀ ማለት ነው፤ ደቦውም አለቀ። ጌትነት ማንም ካልነካው የድንጋይ ክምር አጠገብ ፎቶ ተነሣ፤ ቡድኑም እየዘፈነ ቁልቁል ተለቀቀ።

እሑድን ስቁነጠነጥ ዋልሁ። ሰኞ ብቻዬን ሄድሁና እስከ ቀትር ሁለት ክንድ ያህል ገነባሁ። አባ ወልዴ መጥተው አዩት፤ በእግራቸው ገፋ ቢያደርጉት ተናደ።

"ዩኒቨርሲቲ ስንት ዓመት ቆየህ?"

"አምስት።"

"በል ጭቃ አቡካ።"

ሦስት ጎረቤት ጠሩ። ጠላ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፤ ቆሎ በየኪሳቸው ይዘው መጡ። እትዬ ዘርጊቱ ሰው በደረቁ ማሠራቱ አሳፍሯቸው ሦስት ቀን ሙሉ ደጅ አልወጡም።

ሐሙስ ግድግዳው ጣራውን ሊነካ ሲል ወጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"ያ ፊሽካ የሚነፋው ልጅ ደኅና ነው? ሰላም በልልኝ። ግቢዬ በሰው ሞልቶ ያየሁት ባሌ የሞተ ዕለት ነበር፤ ዘንድሮ በደስታ አየሁት።"

"እሺ፣ እላለሁ" አልሁ። እንዴት እንደ ወጣልኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

"አንተ ግን የዚሁ ልጅ አይደለህ? ቅዳሜ እንደማይሠራ እያወቅህ፣ ምነው ዝም አልህ?"

አባ ወልዴ ድንጋዩን እንደ ያዙ ዞረው አዩኝ። ጭቃው እየጠጠረ ነው አልሁና፣ ባልዲውን አንሥቼ ወደ ምንጩ ወረድሁ።